ብዕርና ዳኝነት በአንድ የመማሪያ ክፍል፦ ለዋሂል ገበሬ ምን ይፈይዳል?

የጋዜጠኝነትንና የሕግን ትምህርት አጣምሮ በተፋጠነ መርሐ ግብር ማስተማር ይቻላል ወይ? የሚለው ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ የተማሩ ሰዎች የግል ጉዳይ ይመስላል። ሁለት ዲግሪ በአንድ የምረቃ ካባ ለመቀበል የሚጣደፍ ወጣት እንጂ የቀበሌ ስብሰባ አጀንዳ አይመስልም። እኛ ግን ጉዳዩን ከዩኒቨርሲቲው ደጃፍ ሳይሆን ከዋሂል ገበያ ተነሥተን ልንመረምረው እንወዳለን። ምክንያቱም የአንድ ትምህርት ዋጋ በመጨረሻ የሚለካው በተመራቂው ደረት ላይ በሚለጠፈው ሜዳይ ሳይሆን ትምህርቱ ለማን ምን ሠራ በሚለው ነው።

ዋሂል በድሬዳዋ አስተዳደር ገጠር ከሚገኙት ማዕከሎች አንዷ ናት። የአካባቢው ነዋሪ ማሽላና ጫት የሚያመርት፣ ከብት የሚያረባ፣ ዝናብ ባጠረ ቁጥር ሰማይ ሰማይ የሚያይ ጉልበተኛ ሕዝብ ነው። በአብዛኛው የሚናገረውና የሚከራከረው በኦሮምኛ ነው፤ ከሶማሊኛ ተናጋሪ ጎረቤቱም ጋር ይገበያያል፣ ይጋባል፣ አንዳንዴም በግጦሽና በውኃ ይጣላል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ነው። እርግጥ ነው፣ በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ በሚካሄድበት ጊዜ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት ይደነግጋል። ይሁን እንጂ አስተርጓሚው የሚቆመው ችሎት ፊት ለደረሰ ሰው ነው። ችሎት ከመድረሱ በፊት መብቱ በጊዜ ገደብ ላለፈበት ገበሬ ማን ይተርጉምለት? በሕዝቡና በሕጉ መካከል ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ የሚለካ አይደለም፤ በቋንቋና በቀን መቁጠሪያም ይለካል።

ይህን ጉዳይ ረቂቅ ሐሳብ አድርገን እንዳንተወው በአንድ ተጨባጭ ምሳሌ እንየው። ድሬዳዋ ከ1895 ዓ.ም ጀምሮ በምድር ባቡር ሐዲድ ላይ የተመሠረተች፣ በኋላም ፋብሪካ በፋብሪካ ላይ የጨመረች ከተማ ናት፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም ደግሞ ነፃ የንግድ ቀጣና ተመርቆባታል። ከተማ በሰፋ ቁጥር መሬት ይፈልጋል፤ መሬት በተፈለገ ቁጥርም የሚነሣ ገበሬ ይኖራል። ይህ በየትኛውም ከተማ ዳርቻ የሚታይ ነው። በ1997 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ምትክ መሬት ሳይሰጠው ለዘለቄታው ለሚነሣ ገበሬ የሚከፈለውን የመፈናቀያ ካሣ ያሰላ የነበረው፣ ባለፉት 5 ዓመታት ያገኘውን አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 በማባዛት ነበር። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ግን ስሌቱን ለወጠው፤ ካለፉት 3 ዓመታት ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በ15 እንዲባዛ ደነገገ።

አሁን እርሳስና ወረቀት ይዘን እንቀመጥ። አንድ ገበሬ በ5 ተከታታይ ዓመታት 20,000፣ 24,000፣ 30,000፣ 26,000 እና 40,000 ብር አገኘ እንበል። በፊተኛው ስሌት አማካይ ገቢው 28,000፣ ካሣውም 280,000 ብር ይሆናል። በኋለኛው ስሌት ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው 40,000 ስለሆነ ካሣው 600,000 ብር ነው። ልዩነቱ 320,000 ብር ሆነ ማለት ነው። ይህ ልዩነት ለአንድ የገጠር ቤተሰብ ልጅ ማስተማርና አለማስተማር፣ ቤት መሥራትና በዘመድ ደጅ መጠጋት ነው። አዋጁ ከወጣ በኋላም ቢሆን ሕግ እንደገና ሊሻሻል ስለሚችል፣ ለጋዜጠኛው አንድ ጊዜ ተምሮ መጨረስ አይበቃውም፤ ሲለወጥ መከታተልም ግድ ነው።

ታዲያ የሬዲዮናችን ወይም የጋዜጣችን ሪፖርተር ወደ እንዲህ ያለ ቦታ ሲሄድ ምን ይዞ ይመለሳል? በአብዛኛው ሁለት ነገር ይዞ ይመለሳል። አንደኛው «ካሣው አነሰን» የሚል ቅሬታ፣ ሁለተኛው «ካሣው በሕግ አግባብ ተከፍሏል» የሚል የኃላፊ መልስ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ሚዛናዊ ዘገባ» ብሎ ያቀርባል። ይህ ሚዛናዊነት የይምሰል ነው። በየትኛው አዋጅ ተሰላ? የስንት ዓመት ገቢ ተያዘ? ማስታወቂያው በየትኛው ቀን ደረሰ? ቅሬታ ማቅረቢያው 30 ቀን መሆኑ በሚሰማው ቋንቋ ተነግሮት ነበር ወይ? ብሎ ያልጠየቀ ሪፖርተር የሁለት ሰዎችን ቃል ቀዳ እንጂ ጉዳዩን አልዘገበም። ዘገባው በታተመበት ዕለት 30ኛው ቀን አልፎ ከሆነ ደግሞ ገበሬው ያተረፈው ስሙ በጋዜጣ መውጣቱን ብቻ ነው።

የፋብሪካው ሠራተኛ ሁኔታም ከዚህ የተለየ አይደለም። «ይህን ያህል ሠራተኞች ከሥራ ተሰናበቱ» የሚል ዜና ስንት ጊዜ አንብበናል! በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ የሥራ ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ እንደሚታገድ ይደነግጋል። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር በዜናው መጨረሻ ብትጨመር ቦታ አታጣብብም። ግን አትጨመርም። የማትጨመረው በክፋት አይደለም፤ ጸሐፊው ስለማያውቃት ነው። አንዳንዱ ሠራተኛ 3 ወሩን በሽማግሌና በምልጃ ይጨርስና በ4ኛው ወር ጠበቃ ፍለጋ ይወጣል።

እዚህ ላይ ተቃራኒውንም ማየት ይገባል። የሕግ ዕውቀት የሌለው ብዕር ዝም ብሎ ብቻ አይበድልም፤ ተናግሮም ይበድላል። «ሌባው ተያዘ»፣ «ገዳዩ በቁጥጥር ሥር ዋለ» የሚሉ ርዕሶች የተለመዱ ናቸው። በሕጉ ዓይን ግን ተጠርጣሪ፣ ተከሳሽና ጥፋተኛ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አንድ ሰው በፍርድ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብቱ በሕገ መንግሥቱ ተጽፏል። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግም የሰውን ስም ያጠፋ ሰው በኃላፊነት የሚጠየቅበትን ሁኔታ፣ ጋዜጣ ስሕተቱን አርሞ ይቅርታ የሚጠይቅበትን መንገድ ጭምር ዘርዝሯል። በድሬዳዋ ሠፈር ውስጥ በሬዲዮ አንድ ጊዜ «ሌባ» የተባለ የቀን ሠራተኛ ከ6 ወር በኋላ በነፃ ቢሰናበት፣ ነፃ መውጣቱን የሚሰማለት የለም። አፎቻውም፣ ጎረቤቱም፣ አሠሪውም የሚያስታውሱት የመጀመሪያውን ዜና ነው።

ብዕርና ዳኝነትን ማጣመር ከውጭ የመጣ ፈሊጥ ነው የሚል ካለ ከድሬዳዋ ወደ ሰሜን ጥቂት ተጉዞ የአፋርን ሕዝብ ይጠይቅ። በአፋር ዘንድ ዳጉ የሚባለው የዜና መለዋወጫ ሥርዓት ከጋዜጣም ከሬዲዮም በፊት የነበረ ነው። ሁለት መንገደኞች በተገናኙ ጊዜ ተቀምጠው ስለ ግጦሽ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ሰላምና ስለ ጠብ፣ ስለ በሽታና ስለ ገበያ ይጠያየቃሉ። የሚናገረው ሰው በዓይኑ ያየውን ከሌላ ከሰማው ይለያል፤ ከማን እንደሰማም ይናገራል። ዋናው ነጥብ ግን ሐሰት ያወራ ሰው በባህላዊው ሕግ ፊት ተጠያቂ መሆኑ ነው። በሌላ አነጋገር ዜናውና ተጠያቂነቱ በአንድ ሥርዓት ውስጥ ተሠርተዋል። በረሃ ላይ የውኃ ወሬ ሐሰት ከሆነ ከብት ያልቃል፣ ሰውም ይሞታል፤ ስለዚህ ወሬና ዳኝነት ሊለያዩ አይችሉም ነበር። በሁለቱ መካከል ግድግዳ ያቆመው የዘመናዊው ትምህርት አደረጃጀት ነው።

የዚህንም ግድግዳ ታሪክ በአጭሩ መመልከት ይጠቅማል። የሕግ ፋኩልቲ በአዲስ አበባ፣ ያኔ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ፣ በ1956 ዓ.ም ተከፈተ። የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በ1996 ዓ.ም ነው። በመካከላቸው 40 ዓመት አለ። በእነዚህ 40 ዓመታት ጋዜጠኛው በአብዛኛው ሙያውን ይማር የነበረው በሥራ ላይ ነው። ከሁሉ የሚጠቀሰው በዚሁ በሐረርጌ ምድር፣ በቁልቢ የተወለደው ጳውሎስ ኞኞ ነው። መደበኛ ትምህርቱ ከ4ኛ ክፍል ያላለፈው ይህ ሰው በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዱ የአንባቢን ጥያቄ እየተቀበለ መልስ ይሰጥ ነበር። የዓምዱ ተወዳጅነት የሚያስተምረን ነገር አለ። ሕዝቡ ጋዜጣ የሚገዛው ዜና ለመስማት ብቻ አልነበረም፤ የሚጠይቀው ነገር ስለነበረው ነው። ዛሬም «መሬቴን ለልጄ ማውረስ እችላለሁ ወይ? ባለቤቴ ሳይፈርም የሸጠው በሬ ይመለሳል ወይ? ዋሱ ቢሞት ዕዳው ለማን ነው?» የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ሰጪ አምድ ይፈልጋሉ። ጳውሎስን የመሰለ ተሰጥዖ ደግሞ በትዕዛዝ አይፈበረክም፤ ስለዚህ በትምህርት መተካት አለበት።

ሕጉስ በበኩሉ ወደ ሕዝቡ አልወረደም ወይ? ወርዶ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 የገበሬ ማኅበራትን፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን ሲያቋቁም ፍርድ ሰጪ አካልም አብሮ ሰጥቷቸዋል። ከጎረቤት መካከል የተመረጠ፣ የሕግ ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠ ሰው ዳኛ ሆነ። የድንበርና የኪራይ ጠብ በእግር መንገድ ርቀት መፈታቱ ታላቅ እርምጃ ነበር፤ የዛሬዎቹ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶችም ከዚያው ሐሳብ ጋር የሚዛመዱ ናቸው። ነገር ግን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም ያው ቀበሌ የእስርና የግድያ ቦታ እስከመሆን ሲደርስ፣ የውሳኔውን ሕጋዊነት የሚጠይቅ ዳኛም ሆነ የሚዘግብ ብዕር አልተገኘም። ከዚያም በፊት ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም ወደ 60 የሚደርሱ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የቀድሞው መንግሥት ባለሥልጣናት፣ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ሲገደሉ፣ ሬዲዮ በማግስቱ ዝርዝሩን አነበበ። «ክሱ የት አለ? የፈረደውስ ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ የዜና ክፍል አልነበረም።

ይህን የምናነሣው ያኔ የነበረው ጋዜጠኛ ሕግ ቢማር ኖሮ ይጠይቅ ነበር ለማለት አይደለም። እንዲህ ያለው አስተሳሰብ የዋሕነት ነው። ዕውቀት ነፃነትን አይተካም፤ ዲግሪም ጋሻ አይሆንም። ይሁን እንጂ ነፃነቱ በሕግ በተጻፈበት ጊዜ ዕውቀቱ ከሌለ የተጻፈው ወረቀት ላይ ይቀራል። በ2000 ዓ.ም የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ እንዲጠይቅ፣ የተጠየቀውም ክፍል በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ደነገገ፤ ቅር የተሰኘ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም እንዲሄድም መንገድ ከፈተ። በ2013 ዓ.ም ደግሞ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ወጣ። በጽሑፍ መረጃ ጠይቆ፣ ቀኑን ቆጥሮ፣ ሲከለከል አቤት ብሎ፣ ሂደቱንም ራሱን ዜና አድርጎ የጻፈ ሪፖርተር ምን ያህል ነው? ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲወስድ ስለ ሐዘኑ ብዙ ተጽፏል፤ ይህም ተገቢ ነበር። በወንዙ ዳር ቤት የሠራው በማን ፈቃድ ነው፣ አስቀድሞ የማስጠንቀቅ ግዴታው የማን ነበር የሚሉት ጥያቄዎች ግን የሕግ ጥያቄዎች ናቸው፤ እንባ ከደረቀ በኋላ የሚጠየቁትም እነርሱ ናቸው።

በሌላው ዓለም ይህ ጉዳይ እንዴት እንደተያዘ በውጭ አገር ትምህርት ላይ በነበርንበት ጊዜ የመመልከት ዕድል ነበረን። አሜሪካኖች ሁለት መንገድ አላቸው። አንደኛው ጋዜጠኝነትንና ሕግን በተከታታይ 7 ዓመት ከመማር ይልቅ የመጨረሻውን የኮሌጅ ዓመት ከመጀመሪያው የሕግ ዓመት ጋር አደራርቦ በ6 ዓመት መጨረስ ነው፤ «3 ሲደመር 3» ይሉታል። ሁለተኛው በሥራ ላይ ያለውን ጋዜጠኛ ለአንድ ዓመት ወደ ሕግ ትምህርት ቤት መላክ ነው። አንቶኒ ሉዊስ የተባለው የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1957 በሃርቫርድ ሕግ አጥንቶ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱን መዘገብ ጀመረ። ሊንዳ ግሪንሃውስም እ.ኤ.አ. በ1978 ከየል ዩኒቨርሲቲ ለጋዜጠኞች በተዘጋጀው የአንድ ዓመት የሕግ ትምህርት ማስተርሷን ይዛ ለ30 ዓመት ያንኑ ፍርድ ቤት ዘገበች። እነዚህ ሰዎች ጠበቃ አልሆኑም፤ መሆንም አላስፈለጋቸውም። ለእኛ ሁኔታ የሚቀርበው ሁለተኛው መንገድ ይመስለናል፤ ምክንያቱንም እናስረዳለን።

በአገራችን የሕግ ዲግሪ 5 ዓመት ይወስዳል። የጋዜጠኝነቱ 4 ነው። አንዱ ሌላውን ቢከተል 9 ዓመት ይሆናል፤ የገበሬና የሠራተኛ ልጅ 9 ዓመት የሚቀመጥበት ጎተራ የለውም። ስለዚህ ማፋጠን የሚለው ሐሳብ በመሠረቱ የመደብ ጥያቄ አለበት፤ ዝም ብሎ የችኮላ ጉዳይ አይደለም። ግን ምን ይፋጠናል? ሁለቱ ትምህርቶች የሚጋሩት አለ፦ ሕገ መንግሥት፣ ማስረጃን መመዘን፣ ምክንያታዊ አጻጻፍ፣ የሙያ ሥነ ምግባር። እነዚህን ሁለት ጊዜ ማስተማር የጊዜም የገንዘብም ብክነት ነው። የማይፋጠነው ደግሞ አለ። አንድን መዝገብ ከክሱ እስከ ፍርዱ ተቀምጦ መከታተል በአንድ ሴሚስተር አያልቅም፤ ቀጠሮው ራሱ ከሴሚስተሩ ይረዝማል። አንድን የገጠር አቤቱታ ሰምቶ፣ አጣርቶ፣ ተቃራኒውን ወገን አግኝቶ መጻፍም እንዲሁ። በወረቀት ላይ የሚያፋጥን መርሐ ግብር ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚቆርጠው ይህንኑ የተግባር ክፍል ነው፤ ምክንያቱም የክፍል ውስጥ ትምህርት ለማስተዳደር ይቀላል። ከዚህ በኋላ የሚመረቀው ሰው ችሎት ፊት ለመቆም ሕጉ የጎደለው፣ ዜና ክፍል ለመግባት ልምዱ የጎደለው ይሆናል። በ1983 ዓ.ም ከነበረው የመንግሥት ለውጥ በኋላ በነበሩት ዓመታት የዳኝነት ወንበሮችን ለመሙላት በአጭር ጊዜ ሥልጠና ዳኞች ሲመደቡ አይተናል። አስፈላጊነቱ የታወቀ ነበር፤ ዋጋውን የከፈለው ግን በይግባኝ የተመላለሰው ባለጉዳይ ነው።

ሌላም ቅራኔ አለ፤ ስለ እርሱ ብዙ ሲነገር አንሰማም። ጠበቃ የደንበኛውን ምስጢር ይጠብቃል፤ ጋዜጠኛ ያወቀውን ያወጣል። አንድ ሰው ጠዋት ጠበቃ፣ ከሰዓት በኋላ ጋዜጠኛ ሆኖ በአንድ ከተማ ሊሠራ አይችልም፤ በተለይ ሁሉ ሰው በሚተዋወቅበት በድሬዳዋ። ስለዚህ የተጣመረው ትምህርት ዓላማ ሁለት እንጀራ የሚበላ ሰው ማውጣት ከሆነ ገና ከጅምሩ ተበላሽቷል። ዓላማው ሕግ የሚያውቅ ጋዜጠኛ ማውጣት ነው። ይህ ከተወሰነ የትምህርቱ መጠንና ጊዜ ራሱ ይወሰናል። የጥብቅና ፈቃድ የማይጠይቅ ሰው የኩባንያ ሕግንና የባሕር ሕግን ማጥናት አያስፈልገውም። የመሬት፣ የሥራ፣ የቤተሰብና የወንጀል ሕግ፣ የሥነ ሥርዓት ሕጎችና የይርጋ ቀኖች ግን ከልቡ ሊገቡ ይገባል። ይህንን አንድ ዓመት ተኩል ይችለዋል እንላለን። የሚማሩትም ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ የመጡ ልጆች ከሚሆኑ ይልቅ ጥቂት ዓመት በሥራ የቆዩ ሪፖርተሮች፣ በማኅበራዊ ፍርድ ቤት ተመርጠው የሚያገለግሉ ሰዎችም ቢጨመሩ መልካም ነው። የኋለኞቹ የጠቡን መልክ ያውቃሉ፤ የጎደላቸው ጽሑፉ ነው።

ለዚህ ሥራ ድሬዳዋ ከብዙ ከተሞች የተሻለች ናት። የፌዴራልም የከተማም ፍርድ ቤቶች፣ ሸሪዓ ፍርድ ቤትም በአንድ ከተማ ውስጥ ያስችላሉ። በ1999 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ኮሌጅ አለው፤ የከተማዋም መገናኛ ብዙኃን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ያስተላልፋል። በገጠሩ በኩል የጃርሱማ ሽማግሌዎች ዳኝነት ከማናቸውም ፋኩልቲ ዕድሜው የሚበልጥ ነው። ተማሪው ከቤቱ 20 ኪሎ ሜትር ሳይርቅ አራት ዓይነት ዳኝነት ሊያይ ይችላል ማለት ነው። የጎደለው እነዚህን የሚያገናኝ የጋራ መርሐ ግብርና አንድ አውቶቡስ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

መርሐ ግብሩ የሚጀመር ከሆነ የመጀመሪያው የተግባር ሥራ ምን መሆን እንዳለበት ከወዲሁ መናገር ይቻላል። ተማሪዎቹ በገበያ ቀን ዋሂል ይሂዱ። በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን ማስታወቂያዎች አንድ በአንድ ይገልብጡ፤ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የመሬት ማስታወቂያ፣ የግብር ጥሪ፣ ያለውን ሁሉ። ከእያንዳንዱ ላይ የወጣበትን ቀንና የሚያልቅበትን ቀን ይጻፉ። ከዚያም ገበያተኛውን በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይጠይቁት፦ ይህን ወረቀት አይተኸዋል? ምን ይላል? ስንት ቀን ቀርቶሃል? መልሱን ይዘው በዚያው ሳምንት በሬዲዮ ያስነግሩት፤ ከስሌቱና ከቀኑ ጋር።